ቁርጡ ላይ ሁለት ዓይነት ኬብል ተገናኘብኝ፦ 50 ፔር የስልክ ኬብል፣ የታችኛው ቀለም ከላይኛው አይገጥምም

ጥገና ቸርችል
ሰላም ለሁላችሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ጥገና ነው የምሠራው። በንጉሡ ዘመን ከተሠሩት አንዱ ነው። ፒኤቢኤክሱ (የሕንፃው የስልክ ማዞሪያ) ምድር ቤት ተቀምጧል፣ ከዚያ 50 ፔር (ጥንድ ሽቦ) ያለው ኬብል በደረጃው ጎን ወደ ላይ ይወጣል። ባንቧ የሚቀይሩ ሰዎች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ሲከፍቱ ኬብሉን በግራይንደር ለሁለት ከፈሉት። የቆረጡት ደግሞ ከዓመታት በፊት የተቀጠለበት ቦታ ላይ ስለሆነ የድሮው ቅጥያ ከነማያያዣው ተበጣጥሶ ወደቀ። አሁን ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ስልክ የለም። የሊፍቱ የአደጋ ጊዜ ስልክም በዚሁ ኬብል ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቶሎ መጠገን አለበት።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከታች የመጣውን ስልጠው የማውቀው ዓይነት ነው፦ ነጭ ከሰማያዊ፣ ነጭ ከብርቱካናማ እያለ የሚሄደው። ከላይ የመጣው ግን አራት አራት ሽቦ አብሮ የተጠመዘዘ ነው። አራቱም አንድ ቀለም ናቸው። ወይ አራቱም ቀይ፣ ወይ አራቱም አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ቢጫ፣ ነጭ። አንዳንዱ ሽቦ ላይ ጥቁር ቀለበት የመሰለ ምልክት አለ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደነበር የተጻፈ ወረቀት የለም። እጄ ላይ ያለው ቴስተር፣ የክሮን መምቻ (ክሮን የሚባለው የሽቦ ማገናኛ ሰሌዳ ላይ ሽቦ መትቶ የሚያስገባው) እና አንድ ጎበዝ ረዳት ነው። ከየት ልጀምር?

ፋይበር ይሻላል
ወንድሜ መዳቡን ተወው። በአዲስ ኔትወርክ ኬብል አይፒ ስልክ አስገባና ተገላገል። መሀል ከተማው በኮሪደር ልማቱ ተቆፍሮ አዲስ መስመር ተዘርግቶ እያለ አንተ በድሮ ሽቦ ለምን ትደክማለህ?

ክሮን አስር
ባለቤቱ ገንዘቡን ሲያወጣ ይቀየራል። ልጁ የጠየቀው ግን ዛሬ ሊፍት ውስጥ የተዘጋበት ሰው በምን ይደውላል ነው።

ጥገና ቸርችል፣ ዋናውን ነገር ልንገርህ፣ ሌላውን ሌሎች ይሞሉልሃል። የድሮውን ግጥሚያ ፈልገህ ለማግኘት አትሞክር። ቅጥያው ጠፍቷል፣ ማን ከማን ጋር እንደነበር ሽቦው ራሱ አይነግርህም። የታችኛውን ኬብል በራሱ ሕግ ከ1 እስከ 50 ቁጠር። የላይኛውንም በራሱ ሕግ ከ1 እስከ 50 ቁጠር። ከዚያ 1 ከ1፣ 2 ከ2 ጋር እያልክ ቀጥል። የየቢሮው የውስጥ ስልክ ቁጥሮች ተዘበራርቀው ይመጣሉ፣ ይምጡ። እሱን ምድር ቤት ኤምዲኤፉ (ዋናው የመስመር ማከፋፈያ) ላይ ጃምፐር (ማገናኛ ሽቦ) እየቀየርክ ታስተካክለዋለህ። ግድግዳ ውስጥ ተጎንብሶ ከመፍታት ቆሞ ክሮን ላይ መምታት ይሻላል፣ ነገ የሚመጣውም ሠራተኛ ቀጥ ያለ ቅጥያ ያገኛል።

የታችኛው አቆጣጠር ቀላል ነው። አምስት መሪ ቀለም አለ፦ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ። አምስት ተከታይ ቀለም አለ፦ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ። ነጭ ከአምስቱ ጋር በተራ ሲሄድ ከ1 እስከ 5 ነው። ቀይ ከ6 እስከ 10፣ ጥቁር ከ11 እስከ 15፣ ቢጫ ከ16 እስከ 20፣ ሐምራዊ ከ21 እስከ 25። ስለዚህ 17ኛው ቢጫ ከብርቱካናማ ነው። ከ26 ጀምሮ ቀለሙ እንደገና ከነጭና ሰማያዊ ይነሳል። ሁለቱን ሃያ አምስቶች የሚለያቸው የታሰሩበት ቀጭን ክር ነው፦ የመጀመሪያው ሰማያዊ ያለበት፣ ሁለተኛው ብርቱካናማ ያለበት። ያን ክር እንዳትቆርጠው። ከተቆረጠ ሁለት ነጭና ሰማያዊ ይኖርሃል፣ የቱ 1 የቱ 26 እንደሆነ በዓይን አይለይም።

ሰላም ኔትወርክ
ክሮን አስር ያለው ላይ አንድ ልጨምር። ነጩን ከጓደኛው አትፍታው! በአንድ ሃያ አምስት ውስጥ አምስት ነጭ አለ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የየትኛው እንደሆነ የሚያሳውቀው አብሮት የተጠመዘዘው ብቻ ነው። ልባሱን ገፈህ እንደጨረስክ፣ ሽቦውን ከመበተንህ በፊት፣ እያንዳንዱን ፔር ጫፉ ላይ ሁለት ሦስቴ አጥብቀህ ጠምዝዘው። አምስት አምስቱን በክር እሰር። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው፣ ሽቦውን እንደ ፀጉር አበጥሮ ይዘረጋዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ምንም አይጠቅመውም።

መብራትም አስብበት። በቢጫ አምፖል ሥር ነጭና ግራጫ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ አይለዩም። ጀሊ (ውሃ የሚከላከል ቅባት) ያለበት ኬብል ሲያረጅ ነጩ ራሱ ወደ ቢጫ ይሄዳል። በደረቅ ጨርቅ ጥረገውና በስልክህ ነጭ መብራት እየው። በቤንዚን የሚያጥቡ አይቻለሁ፣ በተዘጋ ደረጃ ውስጥ ያ እሳት ነው። ሌላው፣ ረዳትህ ቀይና አረንጓዴ በደንብ የሚለይ መሆኑን ሳያፍር ይንገርህ። የማይለይ ሰው ጥቂት አይደለም፣ ቡናማው ላይ ይሳሳታል። እሱ ቴስተር ይያዝ፣ አንተ ቀለም አንብብ።

ጥገና ቸርችል
እግዜር ይስጥልኝ። የታችኛው ገብቶኛል፣ ክሩም አለ። የላይኛውን ባለ ቀለበቱን የሚያውቅ አለ?

የፍልውሃ ኬብል
ልጄ፣ እኔ ኬብል ቀጣይ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ያ የጀርመን አሠራር ነው፣ ኳድ ይባላል። አራት ሽቦ አንድ ላይ፣ ማለት ሁለት ፔር።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። አምስት ኳድ አንድ እስር ይሆናል፣ ይኸውም 10 ፔር። የኳዶቹ ተራ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ቢጫ፣ ነጭ ነው። 50 ፔር ከሆነ አምስት እስር ታገኛለህ። ከእስሮቹ አንዱ በቀይ ክር ወይም በቀይ ፕላስቲክ ተጠምጥሟል፣ ሌሎቹ በነጭ። ቀዩ መነሻ ነው፣ ከእሱ ጀምረህ በዙሪያው ትቆጥራለህ። አቅጣጫው ላይ ተጠንቀቅ። ኬብሉን ከአንደኛው ጫፍ ስታየው ቆጠራው በሰዓት አቅጣጫ ከሄደ፣ ከሌላኛው ጫፍ ስታየው በተቃራኒው ይሄዳል፣ ምክንያቱም አንተ ነህ ዞረህ የቆምከው። ሁለቱንም ጫፍ በአንድ አቅጣጫ የቆጠረ ሰው ከመጀመሪያው እስር በቀር ሁሉንም ያዛንፋል።

አሁን ቀለበቱ። በአንድ ኳድ ውስጥ ቀለበት የሌለው ሽቦ እና ነጠላ ቀለበት ያለው ሽቦ አንድ ፔር ናቸው። ሁለት ሁለት ቀለበት ያላቸው ሁለቱ ደግሞ ሌላው ፔር ናቸው። ከእነሱም አንዱ ላይ ጥንድ ቀለበቶቹ ተራርቀው ይመጣሉ፣ ሌላው ላይ ተቀራርበው። የአንድ ፔር ሁለት ሽቦዎች ኤና ቢ ይባላሉ፦ እዚህ የተራራቀው ኤ ነው፣ የተቀራረበው ቢ። በመጀመሪያው ፔር ቀለበት የሌለው ኤ ነው፣ ነጠላው ቢ። አንድ ስንዝር ያህል ግፈህ ካላየህ አታገኘውም፣ ምልክቱ በየተወሰነ ርቀት ስለሆነ አጭር ጫፍ ላይ ላይታይ ይችላል።

ኳዱን ከጫፉ ፊት ለፊት ብታየው አራቱ ሽቦዎች እንደ አራት ማዕዘን ይቀመጣሉ። ጥንዶቹ ጎረቤታሞቹ አይደሉም። በሰያፍ ትይዩ ያሉት ናቸው። ይህ ለውበት አይደለም። በሰያፍ ሲሆኑ አንዱ ፔር በሌላው ላይ የሚፈጥረው ድምፅ እኩል ሆኖ ይጠፋፋል። ጎረቤቱን ካጣመድክ ደወሉ ይደውላል፣ ንግግር አለ፣ ቴስተርም ደህና ነው ይልሃል፣ ግን የጎረቤትህን ወሬ ትሰማለህ። ስፕሊት የምንለው እሱ ነው። ለማግኘት ከባዱ ብልሽት እሱ ነው፣ የተቆረጠ ሽቦ በስንት ጣዕሙ።

ጥገና ቸርችል
ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ይህን የሚያብራራልኝ ፈልጌ ነበር። ቀይ ጥቅል ያለበት እስር አለ። አንድ ጥያቄ፣ ቀለበቱ የጠፋባቸው ሽቦዎች አሉ፣ ግራይንደሩ ያቃጠለው ጫፍ ላይ። እነሱንስ?

የፍልውሃ ኬብል
ወደ ኋላ ግፈፍ። ካልበቃ በቴስተር ነው።

አራት ኪሎ ኤሌክትሮኒክስ
ለቴስተሩ ቀላል ዘዴ አለኝ፣ ቶነር (ሽቦ ላይ ድምፅ ልኮ የሚያፈላልግ መሣሪያ) ሳትገዛ። አሥር ሬዚስተር ያዝ፣ ሁሉም የተለያዩ፦ 1 ኪሎ ኦም፣ 1.5፣ 2.2፣ 3.3፣ 4.7፣ 6.8፣ 10፣ 15፣ 22፣ 33 ኪሎ ኦም። ዋጋቸው ምንም አይደለም፣ ከተበላሸ ቦርድ ላይም ይነቀላሉ። ረዳትህ አራተኛ ፎቅ ሳጥን ጋ ይሂድ። የፎቁን ስልኮች ነቅሎ በክሮኑ የመጀመሪያ አሥር ፔር ላይ በተራ በኤና በቢ መሀል አንዳንድ ሬዚስተር ያስገባ። አንተ ቁርጡ ጋ ሆነህ ትለካለህ። 3.3 ካነበብክ አራተኛው ፔር ነው። 15 ካነበብክ ስምንተኛው። አንድ ጊዜ ወጥቶ አሥር ፔር ታወቀ ማለት ነው፣ ላይና ታች እየተጯጯኹ አንድ አንድ ሽቦ ማሳጠር ቀረ።

የሚያምረው ደግሞ ይህ ነው። በአንድ ኳድ ውስጥ ካሉት አራት ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን ስትለካ ስድስት ዓይነት ጥምረት አለ። ከስድስቱ ንባብ የሚሰጡህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ክፍት ይሆናሉ። ስለዚህ ቀለበቱ ቢጠፋም የትኛው ከየትኛው ጋር ፔር እንደሆነ ያለ ጥርጥር ታውቃለህ። የሽቦው የራሱ ኦም አይረብሽህም። 0.5 ሚሊሜትር መዳብ ደርሶ መልስ በኪሎሜትር ወደ 180 ኦም፣ 0.4 ሚሊሜትሩ ወደ 280 ኦም ነው፣ የአንተ 40 ሜትር ቢሆን አሥር ኦም አካባቢ ነው የሚጨምረው። ኤና ቢን ለመለየት ደግሞ በሬዚስተሩ ላይ ዳዮድ በተከታታይ ብታስገባ ቴስተሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያነባል። የንባቡ ቁጥር በዳዮዱ ትንሽ ይዛባል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ዳዮድ ፔሩን ለይ፣ ከዚያ አቅጣጫውን።

ክሮን አስር
ግሩም ነው ይሄ። እኔም እሞክረዋለሁ።

ሰላም ኔትወርክ
ከመለካትህ በፊት ግን ቮልት እይ! ኦም ላይ ያለ ቴስተር ሕያው መስመር ላይ ከገባ ንባቡ ውሸት ነው፣ ቴስተሩም ሊቃጠል ይችላል። ዝም ያለ የስልክ መስመር 48 ቮልት አካባቢ ዲሲ አለው፣ አንዳንድ ፒኤቢኤክስ ከዚያ ያነሰ ይሰጣል። ሲደወልበት ግን ከ75 እስከ 90 ቮልት ኤሲ ይመጣል፣ በላብ የረጠበ እጅ ላይ በደንብ ይነዝራል፣ መሰላል ላይ ከሆንክ ይጥልሃል። ምድር ቤት ያለውን ጃምፐር ንቀል ወይም የፒኤቢኤክሱን ካርድ አጥፋ፣ ከዚያ ሥራ። ሜገር (ኢንሱሌሽን በከፍተኛ ቮልት የሚለካ መሣሪያ) የያዘ ሰው ካለ ደግሞ ዕቃው ሁሉ ሳይነቀል እንዳይነካው። 500 ቮልት የፒኤቢኤክስ ካርድ ውስጥ ከገባ ካርዱ አለቀለት።

ቶነር ካገኘህም አጠቃቀሙን ልንገርህ፣ ሰው ሲቸገርበት አያለሁ። አንዱን ክሊፕ በአንድ ሽቦ፣ ሌላውን በኧርዝ ካደረግከው ድምፁ ይጮኻል፣ ግን ኬብሉ በሙሉ ይጮኻል። እሱ ግድግዳ ውስጥ ኬብል ለመፈለግ ነው የሚጠቅመው። አንድ ፔር ለመለየት ሁለቱንም ክሊፕ በኤና በቢ ላይ አድርግ። ሽቦዎቹ ስለተጠማዘዙ ድምፁ ከፔሩ ውጭ ብዙም አይወጣም፣ ቀጭን ይሆናል፣ ግን የሚሰማበት ቦታ ትክክለኛው ነው። አገኘሁት ስትል ሁለቱን ጫፍ አነካካ። ድምፁ ድንገት ከጠፋ እሱ ነው። ካልጠፋ የሰማኸው የጎረቤቱን ጥላ ነው። ኢንተርኔት በሚሄድበት ፔር ላይ ግን ቶን አትልቀቅ፣ መስመሩን ይጥለዋል።

ፋይበር ይሻላል
እሺ የሊፍቱን አላሰብኩም ነበር፣ ትክክል ናችሁ። አንድ ጥያቄ ግን፣ ከውጭ የሚገባው የቴሌ ኬብል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ራሱ መቀጠል ይችል ነበር?

ክሮን አስር
አይችልም፣ አይነካም። ከኤምዲኤፉ ወደ ውጭ ያለው የድርጅቱ ነው፣ 994 ደውሎ ማስመዝገብ ነው። ከኤምዲኤፉ ወደ ፎቆቹ ያለው የሕንፃው ስለሆነ ነው እዚህ የምናወራው።

ፒያሳ ሬዲዮ ጥገና
እኛ ሰፈር አንዱ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ እርሳስ የለበሰ፣ ሽቦው በወረቀት የተጠቀለለ ኬብል አይቻለሁ። ቀለም የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉም አንድ ነው። ያኛው እንዴት ነበር የሚለየው ጋሼ?

የፍልውሃ ኬብል
ያ በንብርብር ነው የሚሠራው። ከመሀል ጀምሮ አንዱ ዙር በሌላው ላይ ይደረደራል። በየዙሩ አንድ ፔር ብቻ የተለየ ቀለም ይሰጠዋል፣ ቆጠራው ከእሱ ይነሳል። የቀረውን በመቁጠር ነው። አንድ ሰው በወዲያኛው ጫፍ፣ አንድ ሰው በወዲህኛው ጫፍ፣ በባትሪና በጆሮ ማዳመጫ እየተነጋገሩ ሽቦ በሽቦ። ጆሮ ነበር መሣሪያችን። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ባለሙያ የቀጠለው ወረቀት ኬብል ውሃ ካልገባበት ሰው ያረጃል እንጂ እሱ አያረጅም።

ዋናው ጠላቱ እርጥበት ነው። ክፍቱን አሳድረኸው ክረምት ከሆነ ወረቀቱ አየሩን ይጠጣል፣ ኢንሱሌሽኑ ይወርዳል፣ ጠዋት ሁሉም መስመር ሲያንሾካሹክ ታገኘዋለህ። እርሳሱን የነካ እጅ ደግሞ ሳይታጠብ እንጀራ እንዳይነካ። ጥገና ቸርችል፣ ያንተ ፕላስቲክ ስለሆነ እድለኛ ነህ።

ጥገና ቸርችል
ጋሼ ለመቀጠያው ምን ልጠቀም? ባለቤቱ ጠምዝዘህ ቴፕ አድርግበት ነው የሚለው።

የፍልውሃ ኬብል
አይሆንም። ባንቧ አጠገብ ያለ ግድግዳ ነው ያልከው። ጠምዝዘህ በቴፕ ብትሸፍነው እርጥበቱ ይገባል፣ መስመሩ ላይ ዲሲ ስላለ መዳቡን ይበላዋል፣ አረንጓዴ ይሆናል። የስልክ ባትሪ በፖዘቲቩ ኧርዝ የሚደረገውና መስመሩ ከኧርዝ አንፃር ኔጌቲቭ የሚሆነው በከንቱ አይደለም፣ መዳቡ እንዳይበላ ነው። ያም ሆኖ ክፍት ቅጥያ ይበላል።

ክሮን አስር
ውስጧ ጀሊ ያለባት ትንሿን ባለ ቁልፍ ማያያዣ ግዛ፣ ዩዋይ የሚሏት። ከ0.4 እስከ 0.9 ሚሊሜትር ሽቦ ትቀበላለች። ሽቦውን አትላጠው። እንዳለ ሁለቱን ጫፍ እስከ መጨረሻው አስገባና ቁልፏን በፒንሳ እኩል ጫናት። ለ50 ፔር 100 ፍሬ ያስፈልግሃል፣ ጥቂት ትርፍ ያዝ። ሁሉንም አንድ ቦታ አትደርድራቸው፣ ኳሱ ይወፍርና ሳጥኑ አይዘጋም፣ ደረጃ በደረጃ አራርቃቸው። የሁለቱን ኬብል የአልሙኒየም መጠቅለያም በሽቦ አገናኝ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ካልተገናኘ የፍሎረሰንቱ ጉርምርምታ ስልኩ ውስጥ ይሰማል።

ጥገና ቸርችል
ጨርሻለሁ ወገኖቼ፣ ስልኮቹ ሠርተዋል! እንዴት እንደሄደ ለሚቀጥለው ሰው ልጻፈው።

የአራት ኪሎው የሬዚስተር ዘዴ ሥራውን በግማሽ አቀለለው። ቀለበታቸው የተቃጠለው ሽቦዎች ሁሉ በእሱ ተለዩ። መጀመሪያ የሊፍቱን ፔር አገኘን፣ እሱን ቀድመን ቀጠልነውና ከሊፍቱ ውስጥ ደወልን፣ ጥበቃው አነሳው። ከዚያ ክሮን አስር እንዳለው 1 ከ1 እስከ 50 ከ50። የውስጥ ቁጥሮቹ እንደተባለው ተዘበራረቁ፣ ግን የማስተካከሉ ሥራ ቀላል ሆነ። ረዳቴ በየክፍሉ እየገባ ለኦፕሬተሯ ይደውላል፣ እሷ ስክሪኗ ላይ የወጣውን ቁጥር ትነግረኛለች፣ እኔ ምድር ቤት ጃምፐሩን አዛውራለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። አምስተኛ ፎቅ ሁለት ቢሮዎች እርስ በርስ ይሰማማሉ። አንዱ ሲያወራ ሌላው ጆሮ ውስጥ በቀጭኑ ይገባል። ቅጥያዬን ደግሜ ለካሁት፣ ትክክል ነው። ሠራተኞቹ ደግሞ ከድሮም እንዲህ ነበር ይላሉ።

የፍልውሃ ኬብል
ሁለቱ በአንድ ኳድ ውስጥ ናቸው?

ጥገና ቸርችል
አዎ፣ ሁለቱም በሦስተኛው እስር ግራጫ ኳድ ውስጥ ናቸው።

የፍልውሃ ኬብል
እንግዲያው ከአንተ በላይ ሌላ ቅጥያ ወይም የፎቁ ክሮን ላይ ስፕሊት አለ። አራተኛና አምስተኛ ፎቅ ሳጥን ክፈት። ያ ኳድ የተመታበትን እይ። ባለ ነጠላ ቀለበቱ ከባለ ሁለቱ ጋር ተጣምሮ ታገኘዋለህ ብዬ እገምታለሁ።

ጥገና ቸርችል
አምስተኛ ፎቅ ክሮኑ ላይ ነበር፣ ልክ እንዳሉት! ከዓመታት በፊት የመታው ሰው አራቱ ግራጫ ስለሆኑ በተራ በተራ ነው የመታቸው፣ ቀለበቱን ሳያይ። ሁለቱን ሽቦ አቀያየርኩ፣ ድምፁ ወዲያው ጠፋ። ሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ስልኩ ላይ እንዲህ ጥርት ብሎ ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ጋሼ አንድ ቀን መሀል ከተማ ሲወጡ ቡና እኔ ጋ ነው።

ሰላም ኔትወርክ
እንኳን ደስ አለህ! ሳጥኑን ግን ጂፕሰም እንዳይለጥፉበት። ክዳኑ ውስጥ ወረቀት በፕላስቲክ አድርገህ አስቀምጥ፦ ታች የቀለም ኬብል፣ ላይ ኳድ፣ 1 ከ1 ተቀጥሏል፣ ቀኑ፣ 7ኛው ፔር ሊፍት ወይም ስንተኛውም ይሁን። ምድር ቤትም አንድ ቅጂ።

ጥገና ቸርችል
31ኛው ነው ሊፍቱ። ጽፌ ለጥፌዋለሁ፣ ክሮኑ ላይም ቀይ ክዳን አድርጌበታለሁ ማንም እንዳይነቅለው። ባንቧ ሠሪዎቹ ነገ ግድግዳውን ሊዘጉ ሲመጡ ቆሜ አሠራለሁ።